ዌይድ የፈተጋቸው አሥራ ሁለት ኳሶች

እኔ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ፤ አልክድም። ባለቤቴ ቬርና «አንተኮ ድመቷ ስታዛጋ እንኳን ምን አስባ ነው ትላለህ» ትለኛለች። ትበል። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «የቶሊዶ ብርጭቆ ሠሪዎች» የተባለው የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ኳስ በእኔ እጅ ሲያልፍ ኖሯል፤ አንድም ቀን «የሌን ጎርስኪ ኳስ ተበላሽቶ ተገኘ» ተብሎ አያውቅም። ለምን? ማንንም ስለማላምን ነዋ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ሥራዬን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አዲስ ኳስ ከፋብሪካ ሲመጣ ላዩ ሰም አለበት፣ ከእጅ ያመልጣል። ሰሙን በእርጥብ ፎጣ አነሣለሁ፣ በብሩሽ እፈትጋለሁ፣ የቆዳ ዘይት አጠጣዋለሁ፣ እንደገና እፈትጋለሁ። መቼ እንደሚበቃው የሚያውቀው ወርዋሪው ነው። ወርዋሪ ስል ኳርተርባክ የምንለውን ማለቴ ነው፤ ቡድኑ በሙሉ እጁን እያየ የሚሮጥለትን። ወርዋሪ ሁሉ የራሱ አመል አለው። አንዱ ቆዳው እንደ ድመት ምላስ ካልሻከረ አልነካም ይላል፣ ሌላው ዘይት የጠገበ ለስላሳ ይወዳል። ለእሑድ ግጥሚያ አሥራ ሁለት ኳስ አዘጋጃለሁ፤ አሥራ ሁለቱም የሚሰለፈው ወርዋሪ እንደሚወደው ነው የሚሠሩት። ስለዚህ እሑድ ማን እንደሚሰለፍ ከጋዜጠኛውም ከተጫዋቹም በፊት የማውቀው እኔ ነኝ።

በዚያ ዓመት ከተማችን በአንድ ልጅ የተነሣ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ቴሮን ማብሪ ይባላል፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ የሚሲሲፒ ልጅ፣ ከኮሌጅ ገና መውጣቱ። ቡድናችን ከአገሩ የኮሌጅ ተጫዋች ሁሉ አስቀድሞ የመረጠው እሱን ነው። አሰልጣኝ ሩርክ በጋ ላይ በቴሌቪዥን ቀርቦ «ቴሮን ዘንድሮ ይቀመጣል፣ ያያል፣ ይማራል፤ የሚሰለፈው ዌይድ ነው» አለ። ጉድ ፈላ! ከስታዲየሙ ፊት ለፊት ባለው የሃንጋሪ ቋሊማ ቤት ሰው ሰናፍጩን ትቶ እርስ በርሱ ይበላላ ጀመር።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም!» ይላል አንዱ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ልጁን አሁን ብትወረውረው አጥንቱን ለቅመህ ነው የምታመጣው።»

«ተቀምጦ መወርወር የተማረ ማን አለ?» ይላል ሌላው አፉን ሞልቶ። «ወንበር የሚያስተምረው መቀመጥ ብቻ ነው!»

«አንተስ ሌን? የውስጥ ሰው አይደለህ እንዴ፣ ተናገር እንጂ!»

«እናንተ ይሄን እኔን የምትጠይቁት ማን ልኳችሁ ነው?» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። የምሬን ነበር።

ዌይድ ሃልቨርሰን ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ተሰልፎልናል። ቀኝ ጉልበቱ ደረጃ ሲወጣ ይንቋቋል፣ ክንዱ ግን ገና አልደከመም። ታዲያ ይህ ሰው ከነሐሴ ጀምሮ ልምምድ ካለቀ በኋላ ልጁን ይዞ ሜዳ ላይ ይቀራል። ሌላው ተጫዋች ታጥቦ፣ ለብሶ፣ ወደ ቤቱ ሲሄድ እነሱ እዚያው ናቸው። እኔ በመስኮቴ አያለሁ። አንድ ቀን ዌይድ ከእኔ ጓዳ አሮጌ ኳሶች ለቅሞ፣ በረዶ የሞላ ባልዲ ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ ልጁን በእነዚያ ሲያስወረውረው አየሁ። ልጁ እጁን በብብቱ እያሞቀ ይወረውራል፣ ኳሱ ያመልጠዋል፣ ዌይድ ሌላ ያቀብለዋል። በማግስቱም እንደዚያው፣ በሳልስቱም።

ምነው! አልኩ። የልጁን ጣቶች ሊያደነዝዝበት ነው እንዴ?

ለቬርና ነገርኳት። «ሰው ቦታውን የሚወስድበትን ልጅ እንዴት ያስተምራል? አስቢው እስቲ። ልጁ ያወቀ ዕለት እሱ ቤቱ ነው የሚቀመጠው።»

«ምናልባት ጥሩ ሰው ይሆናላ» አለች ድንቹን እየላጠች።

«ጥሩ ሰው ከሆነ ሁሉም ሰው እስኪሄድ ምን ያስጠብቀዋል?»

ከሳቋ ብዛት ቢላዋውን አስቀመጠች።

ኅዳር ላይ አሥር ግጥሚያ ተጫውተን ሰባቱን ተሸንፈን ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ሩርክ ኳስ ክፍሌ ገባና በሩን በተረከዙ ገፍቶ ዘጋው።

«ሌን፣ ለእሑድ አሥራ ሁለቱንም ልጁ እንደሚወደው አድርገህ አዘጋጅልኝ።»

«የቱ ልጅ?»

«አታድርቀኝ። ቴሮን ነዋ።»

«ዓመቱን ይቀመጣል አላልክም?»

«ብያለሁ። አሁን ደግሞ ይሰለፋል እያልኩህ ነው። ለልጁ ቅዳሜ ማታ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ። እስከዚያ ማንም እንዳይሰማ፤ ዌይድም ቢሆን።»

«ለዌይድ አልነገርከውም?»

«ኳስህን እሽ፣ ሌን» ብሎኝ ወጣ።

ቴሮን ዘይት የጠገበ ኳስ ነው የሚወደው። ደቡብ፣ ሙቀት አገር ያደገ ነው፤ እጁ የለመደው እንደዚያ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ አሸሁ። ቆዳው ጠቆር አለ፣ ለሰለሰ፣ በመዳፍ ሲይዙት ደስ የሚል ሆነ። ልጁን እወደው ነበር። በዚያ ሕንፃ ውስጥ «ሚስተር ሌን» ብሎ «እርስዎ» የሚለኝ እሱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ «አንተ ሽማግሌ» ነው የሚሉኝ። የመጀመሪያ ቀኑ እንዲያምርለት ፈልጌ ነበር። ወርዋሪ በመጀመሪያው ቀን አንዴ ስሙ ከጠፋ ከተማው ዕድሜ ልኩን አይለቀውም፤ እኔ ከአንድም ሁለት ልጅ እንደዚያ ሆኖ ሲወጣ አይቻለሁ።

ችግሩ ዓርብ ነበር። ዌይድ ዘወትር ዓርብ ወደ እኔ ይመጣል፣ የተደፋ ባልዲ ላይ ይቀመጣል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ኳሶቹን አንድ በአንድ ይዳስሳል። ደህናውን «ደህና» ይላል፣ ያልጣመውን ይመልስልኛል። አሥራ አንድ ዓመት አንድም ዓርብ አልቀረም። ስለዚህ የልጁን አሥራ ሁለት ኳስ ጓዳ ደብቄ ባለፈው እሑድ የተጫወተባቸውን ኳሶች ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩለት። ብልጥ መሆኔ ነው!

ተቀመጠ። ዓይኑን ጨፈነ። የመጀመሪያውን አነሣ፣ አዞረው፣ አስቀመጠው። ሁለተኛውን አነሣ።

«ሌን፣ እነዚህን እኮ ባለፈው እሑድ ወርውሬያቸዋለሁ።»

«ለዛሬ... ማለቴ ገና አልጨረስኩም።»

«ክፍልህ ደግሞ ዘይት ዘይት ይሸታል።» ዓይኑን ገለጠ። «እኔ ዘይት አልወድም።»

 ምን ልበል?

«ልጁ ነው በለኛ።»

«ሩርክ ነገረህ እንዴ?»

«ሩርክ ምንም አልነገረኝም። አሁን አንተ ነገርከኝ።» ከባልዲው ተነሣ፣ ጉልበቱ ተንቋቋ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ከዚያ ፈገግ አለ። ይቺ ፈገግታ ናት እንቅልፍ የነሣችኝ። አሥራ አንድ ዓመት የያዘው ቦታ በዘይት ሽታ ተነጥቆበት ፈገግ የሚል ሰው ልቡ ውስጥ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስደርስ በሬ ተከፍቷል። ለዌይድ ከስንት ዓመት በፊት ቁልፍ ሰጥቼው ነበር፤ ረስቼዋለሁ። ገብቼ ሳይ እጅጌውን ሰብስቦ ባልዲው ላይ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ትኩስ ውኃ፣ በእጁ ጠንካራው ብሩሽ። የልጁ አሥራ አንድ ኳሶች ወለሉ ላይ ተደርድረዋል። አሥራ ሁለተኛው ጭኑ ላይ ነው። ሦስት ቀን ያጠጣሁት ዘይት ውኃው ላይ ቢጫ ሆኖ ይንሳፈፋል።

«አንተ! ምን እየሠራህ ነው?»

«እንደምን አደርክ፣ ሌን።»

«ኳሱን አስቀምጥ እልሃለሁ!»

«ዘይቱን እያወጣሁለት ነው» አለ ብሩሹን ሳያቆም። «ነገ ከሐይቁ በረዶ የቀላቀለ ካፊያ ይመጣል። ዘይት የጠገበ ቆዳ ሲረጥብ ሳሙና ነው የሚሆነው፤ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ልጁ ሦስት ወር በረዶ ውኃ ውስጥ በተነከረ ሻካራ ኳስ ሲወረውር ነው የከረመው። እጁ አሁን የሚያውቀው ይሄንን ነው።»

«ትንበያው ደረቅ ብርድ ነው ያለው።»

«ትንበያው ቶሊዶ ኖሮ አያውቅም። ጭሱን እየው።»

በመስኮቱ አየሁ። የነዳጅ ማጣሪያው ጭስ ከሐይቁ ወደ ከተማው ተጋድሟል። እዚህ የኖረ ሰው ሁሉ ይህ የካፊያ ምልክት መሆኑን ያውቃል። አይቻለሁ። አላየሁም ብል እግዜር ይታዘበኛል።

«ለምን ለእኔ አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ብነግርህ ታምነኝ ነበር?»

ደሜ ፈላ። ሌባ ቤት ገብቶ ባለቤቱን ሲወቅስ! ነገሩ ሁሉ ፍንትው አለልኝ፤ ወይም ፍንትው ያለልኝ መሰለኝ። ሻካራ ኳስ ይሰጠዋል፣ ልጁ በሚሊዮን ሰው ፊት ይጠላዋል፣ ይደናገጣል፣ ሩርክ ያወጣዋል፣ ማን ይገባል? እነሆ ዌይድ! እጅ ከፍንጅ ይዤዋለሁ አልኩ። ግን ብጮህበት ሌላ መላ ይፈጥራል። ስለዚህ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ዋሸሁት።

«እሺ» አልኩት። «እውነትህን ነው። እንዳልከው እንዲሁ ይቆዩ። ቁልፌን ግን መልስልኝ።»

ያለምንም ጥያቄ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። «አመሰግናለሁ፣ ሌን» አለ። በሩ ላይ ደግሞ ዞር ብሎ፣ «ለልጁ ምንም አትበለው። ነገ እንደሚሰለፍ ማታ ሲሰማ ይበቃዋል፤ ኳሱ እጁ ሲገባ ራሱ ይገባዋል» አለ።

በሩን ቆለፍኩና ቀኑን ሙሉ ዘይት አጠጣኋቸው። አሥራ ሁለቱንም።

እሑድ ጠዋት ቴሮን መጣ። ፊቱ ያበራል፣ ጉልበቱ ግን ዝም ብሎ አይቆምም።

«ሚስተር ሌን፣ ኳሶቼ እንዴት አደሩ?»

«አንተ እንደምትወዳቸው።»

«እናቴ መጥታለች። ሦስት ካፖርት ደርባ! ሰው እንዴት እዚህ አገር ይኖራል ትላለች።» እጄን በሁለት እጁ ያዘ። «እርስዎ አልደከሙም?»

«አንተ ብቻ ወርውር» አልኩት። አንጀቴን በላው።

ከግጥሚያው ሁለት ሰዓት በፊት ዳኞቹ ኳሶቹን ተረከቡኝ። ይለካሉ፣ ምልክት ያደርጋሉ፣ ከረጢት ውስጥ ያስገባሉ። ከዚያ በኋላ ማንም አይነካቸውም፤ እኔም ብሆን።

የመጀመሪያውን ሩብ ባያችሁልኝ! ሰማዩ ግራጫ ነው ግን ደረቅ። ልጁ ኳሷን ሲለቃት ድምፅ የላትም። አርባ ያርድ ወረወረ፣ በሩጫ ላይ ያለ ሰው ደረት ላይ አሳረፋት፤ ስድስት ነጥብ። እንደገና ወረወረ፣ እንደገና ስድስት። ስታዲየሙ አበደ። ቋሊማ ቤት «ይቀመጥ» ሲሉ የከረሙት ሁሉ አሁን «እኛ አላልንም?» ይባባላሉ። እኔ ወደ ዌይድ ዞርኩ፤ ፊቱ ሲጠቁር ማየት አምሮኝ። ሰውዬው ሁለት እጁን አንሥቶ ያጨበጭባል፣ እየዘለለ፣ በዚያ ጉልበቱ። ያስመስላል አልኩ።

ከዚያ ነፋሱ ተነሣ። መጀመሪያ ባንዲራዎቹ ዞሩ። ቀጥሎ ፊቴን አንድ ቀዝቃዛ ነገር ወጋ አደረገኝ፣ ደገመኝ። ሁለተኛው ሩብ አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ከሐይቁ የመጣው ካፊያ ሜዳውን ሸፈነው።

ኳስ አቀባዮቹ በፎጣ ይጠርጋሉ። ፎጣው ቢጫ ሆነ። 

ልጁ ወረወረ፤ ኳሷ ከጣቱ አመለጠችና ክንፉን እንደተመታ ዳክዬ እየተንከላወሰች ሄዳ የባላጋራ እጅ ገባች። እጁን አየው፣ ሱሪው ላይ ጠረገው። ቀጥሎ ወረወረ፤ እንደገና እንደዚያው። «አውጡት!» የሚል ድምፅ ከላይ ተሰማ፣ ከዚያ ከሁሉም አቅጣጫ።

ዌይድ ወደ ኳስ ከረጢቱ ሄዶ ከአቀባዩ አንዷን ተቀበለ። ዓይኑን ጨፈነ። በአውራ ጣቱ ቆዳውን አንዴ አሸት አደረገ። ከዚያ ዓይኑን ገልጦ በቀጥታ ወደ እኔ ተመለከተ።  ኳሱን መልሶ ወደ ሩርክ በሚንቋቋ ጉልበቱ ሮጠ።

«ልጁን አውጣው!» ሲለው ሰማሁ፤ ሦስት እርምጃ ላይ ነበርኩ። «ካፊያው እስኪያልፍ አውጣው። የእሱ ጥፋት አይደለም፣ ኳሱ አይያዝም።»

«ኳሱ አይያዝም?» ሩርክ ከት ብሎ ሳቀበት። «ቦታህን ፈለግህ፣ ዌይድ? የጨዋታውን ግማሽ እንኳን መታገሥ አቃተህ?»

ዌይድ እንደገና ወደ እኔ ዞረ። ያን ጊዜ አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። «እውነቱን ነው፣ ዘይት ነው፣ እኔ ነኝ» ማለት። እኔ ግን ሃያ ዘጠኝ ዓመት ያልተበላሸ ስሜን እያሰብኩ ቆሜ ቀረሁ።

በቀጣዩ ውርወራ ቴሮን ክንዱን ወደ ኋላ ሲስብ ኳሷ ሾልካ ከኋላው ወደቀች። ዘሎ ተኛባት። መቶ አርባ ኪሎ የሚመዝን ሰው ከላዩ ወደቀ፤ ከዚያ ሌላው። ሲነሡ እሱ አልተነሣም። የተሰበረው የትከሻው አጥንት ነበር፤ የሚወረውርበት ትከሻ። በጋሪ ሲያወጡት አጠገቤ አለፈ። እንባው ከካፊያው ጋር ተቀላቅሏል። «ሚስተር ሌን፣ እጄ እምቢ አለኝ» አለኝ።

ዌይድ ገባና በዚያችው ሳሙና ኳስ እየታገለ ጨረሰ። ተሸነፍን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ገምቱት። ሩርክ ጋዜጠኞቹ ፊት ቀርቦ «ልጁ አልደረሰም ነበር፤ እጁ ለዚህ አየር ገና ነው፤ ጥፋቴ መቸኮሌ ነው» አለ። ቋሊማ ቤት «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚሉት አሸነፉ። «የሙቀት አገር እጅ» የሚል ቅጽል ስም በአንድ ሌሊት ወጣለት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ዌይድንም ጠየቁት፤ «ብርድ ነበር» አለ፣ ሌላ ምንም አልጨመረም።

መልበሻ ክፍል ሄድኩ። ሰው ሁሉ ወጥቷል፤ እሱ ጉልበቱ ላይ በረዶ አስሮ ተቀምጧል።

«ለምን አልተናገርክብኝም?» አልኩት።

ጉልበቱ ላይ ያሰረውን በረዶ አጠበቀ።

«ዘይቱን አይተኸዋል። ዋሽቼሃለሁ። ለምን ዝም አልክ? ምን ፈልገህ ነው?»

ቀና ብሎ አየኝ። የደከመው ሰው አስተያየት ነበር።

«አሁንም፣ ሌን?» አለኝ። «አሁንም?»

አፈርኩ። አፍሬ አላውቅም፣ ያን ቀን ግን መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ለልጁ ንገረው» አለ ቆይቶ። «ደርሰሃል ያልኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ብነግረው ጥፋቴን ሌላ ሰው ላይ ላላክክ የመጣሁ ይመስላል። በእጁ ላይ እምነት ካጣ፣ አጥንቱ ቢድንም አይወረውርም። አይቻለሁ እንደዚያ የሆኑትን።»

ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ ሩርክ ዘንድ ገባሁ። ሁሉንም አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። እግሩን ጠረጴዛው ላይ ሰቅሎ ሰማኝና፣ «ማን ላከህ?» አለኝ።

«ማንም።»

«ዌይድ ነው? የልጁ ወኪል ነው?»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት እያልኩህ!»

«አንተ ሃያ ዘጠኝ ዓመት አንድ ኳስ አበላሽተህ አታውቅም። አሁን ልጁን ለማዳን አንድ ታሪክ ፈጥረህ መጣህ። ጥሩ ልብ አለህ፣ ሌን። ሂድ ሥራህን ሥራ።» እንዲህ አለኝ! በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንጀቴን አውጥቼ እውነት ብናገር የሚያምነኝ ጠፋ። ጋዜጠኞቹ ዘንድ ልሂድ ብዬ ነበር፤ አልሄድኩም። ለምን እንዳልሄድኩ አታስለፍልፉኝ፤ ፈርቼ ነው።

ቴሮን ከሆስፒታል ወጥቶ ተከራይቶ ባለበት ቤት ሶፋ ላይ ክንዱ ታስሮ ተቀምጧል። እናቱ፣ ሰፋ ያሉ ሴት፣ በቤት ውስጥም አንዱን ካፖርት አላወለቁም። መቀመጫ ሰጡኝ፣ አልተቀመጥኩም።

«ሚስተር ሌን፣ እውነቱን ይንገሩኝ» አለኝ እኔ አፌን ሳልከፍት። «እጄ ምን ሆኖ ነው? ሦስት ወር በበረዶ ውኃ ተለማምጃለሁ። ዌይድ ደርሰሃል ብሎኝ ነበር። ምናልባት እኔ የዚህ ሥራ ሰው አይደለሁም።»

ነገርኩት። ዌይድ እንደፈተጋቸው፣ እኔ እንደጠረጠርኩት፣ እሺ ብዬ እንደዋሸሁት፣ ጭሱን አይቼ እንዳላየሁ እንደሆንኩ፣ ሜዳው ዳር ቆሜ ዝም እንዳልኩ። 

«አሥራ ሁለቱንም ዘይት ቀቧቸው?»

«አሥራ ሁለቱንም።»

«ካፊያው ሲጀምርም ያውቁ ነበር?»

«ፎጣውን ሳይ አወቅሁ።»

የታሰረ ክንዱን አየ። ከዚያ፣ «እንግዲያው እጄ ደህና ነው?» አለ፤ እንደ ሕፃን ልጅ ነው የጠየቀኝ።

«እጅህ ደህና ነው ልጄ። ደርሰህ ነበር። ያልደረሰው ኳሱ ነው።»

በደህናው እጁ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። እናቱ ወደ በሩ ሸኙኝ። «መጥተው መናገርዎ ደግ ነው» አሉኝ በረጋ ድምፅ። «አሁን ግን ከዓይናችን ይራቁልን።»

ቴሮን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ተቀመጠ። አጥንቱ ገጠመ። ክንዱ ታስሮም ቢሆን ዌይድ አጠገብ እየተቀመጠ ያያል፣ ይጽፋል፣ ይጠይቃል። በጸደይ ዌይድ መጫወት አቁሞ ወደ ሚኒሶታ፣ ወደ ወንድሙ እርሻ ሄደ። ሲሰናበተኝ እጄን ጨበጠኝ እንጂ ምንም አላለም፤ እኔም ምን ማለቱ ነው ብዬ አልጠየቅሁም። ነሐሴ ላይ ሩርክ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ «ተቀመጠ፣ ተማረ፣ አሁን ደረሰ» ብሎ ልጁን አስተዋወቀ። ከተማው በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ ነው እንጂ ይባባላል ቋሊማ ቤት፤ ሰው ሲማር!

ከመጀመሪያው ግጥሚያ በፊት በነበረው ዓርብ በሬ ተንኳኳ። ቴሮን ነው። «እንደምን ዋሉ፣ ሚስተር ሌን» አለ፤ ያው ትሕትናው፣ ያው «እርስዎ»። የዌይድ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። ከቦርሳው የራሱን ብሩሽ፣ የራሱን ፎጣ አወጣ። ያዘጋጀሁትን የመጀመሪያ ኳስ ሳቀብለው አመሰገነኝ፣ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተው፣ አገላበጠው፣ በራሱ ፎጣ ጠረገው፣ ፎጣውን ወደ ብርሃኑ አንሥቶ አየው። አሥራ ሁለቱንም እንዲህ አደረገ። እኔ እንደ እንግዳ ሰው ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ነበር።

ሲጨርስ ኳሶቹን ራሱ ባመጣው ከረጢት ውስጥ ከተታቸውና ትንሽ ቁልፍ ቆለፈበት። መክፈቻውን በክር አንገቱ ላይ አንጠለጠለ።

«ዳኞቹ እሑድ ሲረከቡ እኔ ራሴ አመጣቸዋለሁ» አለ። «ቅር አይበልዎት።»

«ምንም ቅር አይለኝም» አልኩ።

ከረጢቱን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ፊቱን ወደ እኔ እንዳደረገ፣ ወደ ኋላው እየተራመደ ወጣ። ጀርባውን አልሰጠኝም። ከተማው ልጁ ዓመቱን ሙሉ ከዌይድ ሲማር ከረመ ይላል፤ ውርወራውን አዎ፣ ከእሱ ነው። ያቺን ቁልፍ ግን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።